በዛኪያ ስም የታዘዘ

«ትንሽ ብቻ፣ ዛኪ። የጣት ጫፍ የምታህል።»

ሐቢባ የመታጠቢያ ቤቱን በር በጀርባዋ ዘግታ እጇን ዘረጋች። ዛኪያ ፊቷን ታጥባ፣ አድርቃ፣ ሐኪሟ ያዘዘችላትን ጄል ልትቀባ ክዳኑን ገና መክፈቷ ነበር። ሐቢባ አክስቷ ናት፤ የእናቷ የመጨረሻ እህት። ሠርጓ ሳምንት ስለቀረው የሚዜዎቹን ቀሚስ ልታስለካ ከአሌክሳንድሪያ እነ ዛኪያ እስከሚኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ነድታ መጥታለች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች ዛኪያ።

ሐቢባ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ መብራቱ ሥር ቆመች። ጠዋት በሜካፕ ሸፍናው የነበረው ፊቷ አሁን ታጥቧል። ጉንጮቿ ቀልተዋል፤ አገጯ ላይ ጥቃቅን እብጠቶች ወጥተዋል።

«አየሽው? ቁርጥ ያንቺ በሽታ። ያንቺ ደግሞ በዚህ ነገር ለቀቀሽ።»

እርግጥ ጨርሶ አልለቀቃትም። ሮዜሻ ይሉታል፤ ጉንጭና አፍንጫን የሚያቀላ፣ ፊትን እንደ ምድጃ የሚያግል የቆዳ ሕመም። ጠይም ፊት ላይ ቅላቱ ቶሎ ስለማይታይ ያየ ሁሉ «ብጉር ነው» ሲላት ከርሟል። ለብጉር የተሸጠላት ሳሙና ይባስ አቃጠላት። በመጨረሻ ሮክቪል ያለችው የቆዳ ሐኪም አይታ አወቀችው። ጄሉን ስትሰጣትም በቀን ሁለት ጊዜ በስሱ እንድትቀባ፣ ዓይኗንና ከንፈሯን እንዳይነካት፣ ቀን የፀሐይ መከላከያ እንዳትረሳ፣ ክፉኛ ከለበለባት እንድትደውል ነገረቻት። «ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ» ያለቻት ደግሞ በር ላይ ከደረሱ በኋላ ነበር። መጀመሪያ ምንም ለውጥ አልታየም። ቆይቶ ግን ግለቱ በረደ። አሁን ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ጉንጯን በመዳፏ ሳትሸፍን ትቀመጣለች።

«ሐቡ፣ አልሰጥሽም።»

ሐቢባ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«ሲሪየስሊ?»

«ሮዜሻ ይሁን አይሁን አናውቅም እኮ።»

«እኔ አንቺን የከለከልኩሽ ነገር አለ?»

የለም። ዛኪያ ይህን ታውቃለች። ሐቢባ ያላዋሰቻት ልብስ፣ ያልሸፈነችላት ጥፋት የለም። ከትምህርት ቤት ስትቀር ሰበብ የምትፈጥርላት ሐቢባ፣ እናቷ ስትቆጣ መሃል የምትገባው ሐቢባ።

«የለም» አለች ዛኪያ ቀስ ብላ።

«እሺ። ተይው በቃ።»

ምሳ ላይ ሐቢባ ከእህቷ ጋር ስለ አዳራሹ፣ ስለ እንግዶቹ አወራች። ዛኪያን ግን አንዴም ዞር ብላ አላየቻትም። ስትነሳ «ቻው» ያለችው ለቤቱ ሁሉ ነበር።

ዛኪያ መስኮቱ ጋ ቆማ አክስቷ ወደ መኪናዋ ስትሄድ አየች። ሮጣ ብትሰጣት በአንዴ ይታረቃሉ። ማንም አያውቅም። ግን የእሷ ፊት በዚያ ሳሙና እንደነደደ ሁሉ የሐቢባም በጄሉ ሲነድ ታያት፤ ያውም በሠርጓ ሳምንት። ጫማዋን አጠለቀችና ወጣች። የመኪናውን በር ከፍታ ገባች፣ ቀበቶዋንም አሰረች።

«ወዴት ነው?» አለች ሐቢባ።

«ሐኪም ቤት። ያ መንገዱ ዳር ያለው ዛሬም ክፍት ነው። አብሬሽ እገባለሁ።»

«ለቅላት ብለሽ?»

«ሙሽራ ነሽ እኮ፣ ሐቡ።»

ሐቢባ ሞተሩን አስነሳች። መብራት ላይ ሲቆሙ ቦርሳዋን ወደ ዛኪያ ገፋችው።

«እዚያ ውስጥ አንድ ክሬም አለ። ፊት ያጠራል ብለው ሸጡልኝ። ከክረምቱ ጀምሮ እቀባዋለሁ።»

ዛኪያ ነጭ ዕቃ አወጣች። ስሙ በወርቃማ ፊደል ደምቋል፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን ለማንበብ እንኳ ያስቸግራል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሙሽራዋ በክሬም ነው የቀላችው ይበሉኝ?» አለች ሐቢባ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «መጀመሪያ እኮ ጥሩ አድርጎኝ ነበር።»

ሐኪሙ ዕቃውን ወደ መብራት አስጠግቶ አነበበ። ውስጡ ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ መድኃኒት እንዳለበት ነገራቸው። መጀመሪያ ፊትን ያጠራል፤ ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳል፣ ያቀላል፣ ልክ ሮዜሻ ያስመስለዋል። በድንገት ማቆሙም ሊያባብሰው ስለሚችል እንዴት እንደምትተወው አስረዳት፤ ወደ ቆዳ ሐኪምም ላካት።

«የእሷን ጄል ብቀባስ ኖሮ?» ሐቢባ ዛኪያን በአገጯ ጠቆመች።

«በዚህ በተጎዳ ቆዳ ላይ? ሊለበልብሽ ይችል ነበር። ዋናውን ጥፋተኛም ማንም ሳያውቀው ይቀር ነበር።»

ሲወጡ ሐቢባ መኪናው ጋ ቆመች።

«አሁንም ተናድጄብሻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ትንሽ ብቻ ግን» አለችና በአንድ እጇ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት።

ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ያለው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። የሐቢባ ቅላት አልጠፋም፤ ለዘብ ግን ብሏል። ሐኪሙ ባዘዛት መሠረት የኳለቻት ልጅ ሜካፑን በስሱ ነው የቀባቻት። ዛኪያ ከዘመዶቿ ልጆች ጋር ስትጨፍር ሙቀቱ ጉንጯ ላይ ወጣ። እጇ ለመሸፈን ተነሳ። ግን ሐቢባ ያንኑ እጅ ይዛ ወደ መሃል ጎተተቻት።

ፎቶ አንሺው ሊባኖስ በኋላ ካሜራውን ይዞ መጣና ሁለቱ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ሲስቁ ያነሳውን አሳያቸው። ሁለቱም ቀልተዋል።

«ይሄን ቅላት አጠፋዋለሁ፤ አታስቡ» አለ።

«የኔን ትንሽ ቀንስልኝ» አለች ሐቢባ ፈጠን ብላ። «ሙሽራ ነኝ።»

ሊባኖስ ወደ ዛኪያ ዞረ። ዛኪያ ፎቶውን እንደገና አየችው። የምትስቀውን ልጅ ወደደቻት።

«የኔን ተወው» አለች።