የቀይዋ መኪና ገመድ

የጋሸና ጉም ሬሳ ሲያለብስ እንኳ ሐቀኛ አይደለም፤ ግማሹን ይሸፍንና ግማሹን ለወሬ ይተወዋል። ያን ቀን ጠዋት፣ መንገዱ ወደ ላሊበላ ከታጠፈ በኋላ በመጀመሪያው ጥምዝ ሥር፣ ወልደ ኪዳንን ከወገቡ በላይ ሸፍኖ እግሮቹን ለአላፊ አግዳሚው ትቶ ነበር። ከቦዩ በላይ መንገድ ዳር፣ ቀይዋ መኪና የኋላ በሯን ወደ ሰማይ ከፍታ ቆማለች።

የፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ጥሩሰው ከላሊበላ ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሏል። ሬሳ ፈርቶ አይደለም፤ መኪና ያጥወለውለዋል። የላስታ ልጅ ነው፣ የበቅሎ ነጋዴ ልጅ። በቅሎ ላይ ሲሆን ገደል አያስፈራውም፤ የመንግሥት መኪና ላይ ሲወጣ ግን እንደ አራስ ይሆናል። እናም ከወረደ በኋላ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሆዱ እስኪመለስለት ዙሪያውን ያያል። የሚያውቁት «ጥሩሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ተጠንቀቅ» ይላሉ። የማያውቁት ይስቃሉ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አረጋ ከሚስቁት ወገን ነበር።

«ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ በከንቱ ደከሙ፤ ነገሩ አልቋል» አለ፣ ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ እያዛወረ። «ገዳዩን ይዘነዋል። ጋሻዬ መካኒኩ ነው። ሟቹ የተመታበት የክሪክ ብረት የእሱ ነው፤ ራሱም አልካደም። ስድስት ሰዓት ላይ በምናለ የጭነት መኪና ወደ ደሴ እንሰደዋለን።»

ጥሩሰው ቀና አለ። በዚያ ዘመን ወደ ደሴ ከተሰደደ ሰው የሚመለሰው ልብሱ ነው፤ ያውም ዘመድ ካለው።

«ብረቱ የእሱ ነው ማለት እጁም የእሱ ነው ማለት ነው?»

«ታዲያ የማን ሊሆን ነው?»

«እሱን ነዋ እስከ ስድስት ሰዓት የምጠይቀው።»

ወደ ቦዩ ወረደ። ወልደ ኪዳን የተመታው ከኋላው ነው። ቀኝ እጁ ጥብቅ ብሎ ተጨብጧል፤ ጥሩሰው ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቆ የነጭ ጆንያ ቅዳጅ አወጣ።

«እሱ ምንም አይደለም» አለ አረጋ ከላይ ሆኖ። «የእርዳታ ጆንያ ነው። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ወዲህ የላስታ ሰው ሱሪውም እሱ፣ ፍራሹም እሱ።»

ጥሩሰው ቅዳጁን በአውራ ጣቱ አሸት አደረገው፤ ጣቱ ነጣ። ከሟቹ የውስጥ ኪስ ደግሞ የተጎነጎነ የጠፍር ገመድ አገኘ፣ በወግ ተጠቅልሎ የተቋጠረ። ወደ መኪናዋ ወጣ። ቁልፏ ከመሪው ሥር ተሰክቷል፣ ራቁቱን፣ ምንም ሳይንጠለጠልበት። ከኋላ፣ ምንጣፉን ገለጥ ሲያደርገው ስኮርታ ጎማዋ ተኝታለች፤ መላጣ ናት፣ ክሯ ወጥቷል።

ሃምሳ አለቃ ተመልሶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። አረጋ ሳቀ።

ኡሙሀኒ ከመታጠፊያው ላይ ሻይ ቤት አላት። ሹፌር ሁሉ እዚያ ይበላል፤ ወሬ ሁሉ እዚያ ይበስላል። ምላሷ ሰው አይምርም፤ ያልሆነ ነገር ግን አታወራም።

«ያረቢ! ትናንት ሻይ የሚጠጣ ጠፍቶ ነበር እኮ፣ ሃምሳ አለቃ» አለች። «ሁሉም ውጭ፣ ሁሉም ቀይዋ መኪና ዘንድ። ለሙሽራ እንኳ እንዲህ አይዞሩም። ወንድ ልጅ መኪና ሲያይ ወተት ጥርሱ ተመልሶ ይበቅላል ልበል?»

«ወልደ ኪዳን ከየት አመጣት?»

«ከመንገድ ሠሪው ፈረንጅ ነዋ! ወልደ ኪዳን ሹፌሩ ነበር፤ ሰውየው አገሩ ሲገባ ለውለታው ትቶለት ሄደ። አጭር፣ ቀይ፣ ከኋላ ቁርጥ ያለች። እሱ ደግሞ ሸጦ በሬ ሊገዛ፣ ወደ እርሻው ሊመለስ።»

«እነማን አዩዋት?»

«ሹፌሩ ምናለ ዞራት ዞራትና ‹ይቺማ ጅራቷን ጅብ የበላባት በቅሎ ናት› አለ። ጋሻዬ ሞተሯ ውስጥ እስከ ትከሻው ገብቶ ‹ስሙ፣ ድምጿን ስሙ! ይቺ አንበሳ የዋጠች ዶሮ ናት› ይላል። የእርዳታ መጋዘኑ ኃላፊ ከፋለ እጁን ኋላው አጣምሮ ‹አሥራ ስምንት ሺህ ብር ከፍዬ ጉልበቴን ከጆሮዬ ጋር ላገናኝ?› አለ። ሳቅ በሳቅ።»

«ወልደ ኪዳንስ?»

«እሱ መች ይደነግጥና! ድርቁ በቅሎዎቹን እስኪፈጅበት ድረስ የበቅሎ ነጋዴ አልነበር? ቁልፏን በጠፍር ገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ‹ጥርሷን እዩ፣ ኮቴዋን እዩ፤ ጀርባዋን የሚገልጠው ግን የገዛት ነው› ብሎ የኋላውን በር አልከፍትም አለ። ምናለ ሊነካካው ቢል እጁን መታ አደረገው። ለማንም አልከፈተም፣ ወላሂ።»

«ያን ገመድ በዓይንሽ አየሽው?»

«እንደማይዎት።»

ጋሻዬ ከቀበሌው ቢሮ ኋላ ከግንድ ጋር ታስሯል። እጆቹ እንደ ድፎ አብጠዋል።

«ብረቱን አዋስኩት እንጂ አልመታሁበትም፣ ጌታዬ» አለ። «መኪናዋ ክሪክ አልነበራትም። ‹ገዢ እንዳይንቃት› ብሎ ለመነኝ፤ ሰጠሁት። ሲያስቀምጠው እንኳ ‹ፊትህን አዙር› አለኝ።»

«አንተ ልትገዛት አልፈለግህም?»

«በምኔ? እኔማ የለመንኩት አንዲት ቀን ነው። እስከ ኮን ከተማ ድረስ አንዴ እንድነዳት። ለዚህ ሰው ይገደላል?»

«ከዚህ ባነሰም ሲገደል አይቻለሁ። ስኮርታዋ ግን እንዴት ናት?»

«እንዴት ልወቅ? ጀርባዋን መች አሳየን!»

ምናለ የጭነት መኪናውን ሞተር እያሞቀ ይነጫነጫል። ገብስ ጭኖ ፍላቂት አድሮ ጠዋት መመለሱን ከጭነቱ የቀረው ያልተጠረገ ገለባ ይመሰክርለታል።

«ወንድሜን ለሞት ጫን ይሉኛል» አለ። «እኔ የገብስ ሰው ነኝ እንጂ የሬሳ ነኝ?»

«ስለ ቀይዋ ንገረኝ። ስኮርታዋን አየሃት?»

«ሆዷ ሥር ትሆናላ፣ እንደኔዋ። ማን ጎንበስ ብሎ ያያል! እሷ ሥር የሚገባ አይጥ ብቻ ነው።»

ከፋለ ሃምሳ አለቃን በመጋዘኑ በር ላይ ተቀበለው። ካፖርቱ ንጹሕ፣ አነጋገሩ ቅቤ የተቀባ።

«ስለ መኪናዋ ከተባለ» አለ፣ «መልኳ ለከተማ ጎረምሳ ነው፤ ዋጋዋ የእብድ ነው። አራቱን ጎማ አይተው እንዳይታለሉ፤ ስኮርታዋ ክሯ የወጣ ነው። ለዚህ ነው አሥራ ስምንት ሺህ? እኔ ደሞዝተኛ ነኝ፤ ትቼ ቤቴ ገባሁ። ራሴንም አሞኝ ነበር፣ ተኛሁ።»

«በዋጋ አልተስማማችሁም?»

«ጨርሶ።»

ጥሩሰው በከፋለ ትከሻ ላይ አሻግሮ ቁልፍ ያረፈበትን የመጋዘን በር አየ። «እህል አለ እንዴ አሁንም?»

«ካለቀ ዓመት አለፈው። ባዶ ቤት ነው የምጠብቀው» አለና ከፋለ ሳቀ።

ሲመለስ አለሜን፣ የወልደ ኪዳንን ሚስት፣ ከሬሳው ራስጌ አገኛት። አላለቀሰችም ገና፤ ልቅሶ ጉልበት ይፈልጋል፣ እሷ ደግሞ ጉልበቷን በድርቁ ጊዜ በሁለት ልጆቿ ላይ ጨርሳዋለች። ጥሩሰው አጠገቧ ተንበርክኮ ገመዱን አሳያት።

ተቀበለችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ሸጣት እንዴ?» አለች። «ለማን ሸጣት?»

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጋሻዬ እንደታሰረ የምናለ መኪና ላይ ተጭኗል፤ ሞተሩ ይንጎራጎራል። ጥሩሰው መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«አጥፋው። ሁላችሁም ወደ ኡሙሀኒ ቤት ግቡ። ጋሻዬንም አውርዱት።»

«ሰዓቱ ደርሷል እኮ!» አለ አረጋ።

«ለሚሞት ሰው ሰዓት ምኑ ነው፣ ጓድ? ሻይ ይጠጣ።»

ገቡ። ጋሻዬ ታስሮ፣ ምናለ በር ላይ፣ ከፋለ ከመስኮቱ ሥር፣ አለሜ መደቡ ላይ። ኡሙሀኒ ለጋሻዬ ብርጭቆውን አፉ ላይ ያዘችለት። ጥሩሰው ገመዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አባቴ በቅሎ ይነግድ ነበር» አለ። «በላስታ ገበያ በቅሎ ይሸጣል፣ ገመዷ አይሸጥም። ሻጭ ዋጋውን ሲቀበል ገመዱን ይፈታና ጠቅልሎ ኪሱ ይከተዋል፤ በረከቱ ከገመዱ ጋር ቤቱ እንዲቀር። ገዢ የራሱን ገመድ ይዞ ይመጣል። ወልደ ኪዳን ትናንት ቀን የመኪናዋን ቁልፍ በዚህ ገመድ አንገቱ ላይ አስሮ ነበር። ዛሬ ቁልፉ ራቁቱን መኪናዋ ላይ፣ ገመዱ ተጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ። ቀማኛ ቢሆን ይበጥሰው ነበር። ይህ ግን በወግ ተፈትቶ በወግ ተቋጥሯል። እንግዲህ ወልደ ኪዳን ከመሞቱ በፊት መኪናዋን ሸጧል።»

«ማንም አልገዛትም!» አለ አረጋ። «ሁሉም ዋጋዋን ጠልቶ ነው የተበተነው።»

«ሁሉም እንዲያ አለ። አንዱ ዋሸ። ማን? ወልደ ኪዳን ጀርባዋን የሚገልጠው የገዛት ብቻ ነው ብሏል፤ ስኮርታዋ ደግሞ እዚያ፣ ከምንጣፍ ሥር ነው የተኛችው። ጋሻዬን ጠየቅሁት፤ አላየሁም አለ። ምናለን ጠየቅሁት፤ እንደኔዋ ሆዷ ሥር ትሆናለች አለ።» ዞረ። «አቶ ከፋለ ግን ሳልጠይቃቸው፣ ክሯ የወጣ ነው አሉኝ።»

ከፋለ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እሱ ራሱ ነው የነገረኝ!» አለ ከፋለ።

ምናለ ሳቁ አመለጠው። «የበቅሎ ነጋዴ የበቅሎውን ሽባ እግር ለገዢ ሲናገር ተሰምቶ ያውቃል?»

«እኔም ይህን ነው የምለው» አለ ጥሩሰው። የጆንያውን ቅዳጅ ከገመዱ አጠገብ አኖረ። «ሊቀመንበሩ እውነታቸውን ነው፤ የእርዳታ ጆንያ የሌለበት ቤት የለም። ግን ሱሪና ፍራሽ የሆነው ታጥቦ ሳስቷል። ይህ ውኃ አልነካውም። ዱቄቱ ገና ከክሩ ውስጥ አለ። እህሉ ዓመት ካለፈው፣ ይህ ትኩስ ዱቄት ከየት መጣ? የሚመጣበት አንድ በር ነው፤ ቁልፉ ያለውም አንድ ሰው ዘንድ ነው።»

አለሜ ከመደቡ ተነሣች። ቀስ ብላ ከከፋለ ፊት ቆመች።

«‹አልቋል› አልኸን» አለችው። «በርህ ላይ ልጆቼን ታቅፌ ተኝቼ፣ ‹አልቋል እህቴ፣ ሂጂ› አልኸኝ።»

ከፋለ የሃምሳ አለቃን ጥያቄ ይችለው ነበር፤ ይህን አልቻለውም። ወንበሩ ላይ ሟሸሸ።

«ብሩን በጆንያ ቅዳጅ ጠቅልዬ ሰጠሁት» አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳይነቅል። «ተቀበለኝ። ጀርባዋን ከፍቶ አሳየኝ፤ ስኮርታዋን ሳይ ሳቅሁበት። ልንሞክራት ወጣን፤ እኔ ነዳሁ። ጥምዙ ላይ ብሩን ሊቆጥር ሲፈታው ዱቄቱ እጁ ላይ ቀረ። አሸተተው። ‹አቁም› አለኝ። ወርዶ ‹ብርህን እንካ፣ ቁልፌን አምጣ፤ በገበያ መሀል እጮህብሃለሁ› አለ። መጠቅለያውን አልለቅም አለኝ፤ ታገልን። ወደ ከተማው ጀርባውን ሰጥቶ መሄድ ሲጀምር... ብረቱ ከኋላ ነበር። መኪናዋንማ እንዴት ልያዛት? የገዛኋት እኔ መሆኔ ይታወቃል።» ከዚያ ቀና ብሎ አረጋን አየው። «እህሉን ብቻዬን የበላሁት አስመሰልከው እንዴ፣ ጓድ?»

አረጋ ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረ። «ይህ ጸረ ሕዝብ አሁኑኑ ወደ ደሴ ይሂድ! ምናለ፣ ሞተርህን አስነሳ!»

«አይ» አለ ጥሩሰው። «እሱ ከእኔ ጋር ላሊበላ ነው የሚሄደው። ገና የሚያወራው አለው፣ እኔም ገና ጆሮ አለኝ።» ከሊቀመንበር ጋር የተጣላ ሃምሳ አለቃ ነገ የት እንደሚያድር እሱም ያውቃል።

ጋሻዬን ፈቱት። ጣቶቹን ለማጠፍ ሞከረ፤ እምቢ አሉት።

አለሜ ገመዱን ከጠረጴዛው አነሣች። «ቁልፌን አምጣ ብሎታል» አለች። «ሽያጩን አፍርሶ ነው የሞተው። እንግዲያ ገመዱ ወደ መኪናዋ ይመለስ።» ቁልፉን ከሃምሳ አለቃ ተቀብላ፣ ጠፍሩን አሰረችበት፣ በጋሻዬ አንገት ላይ አጠለቀችው።

«የሚቀበርበት የትውልድ ደብሩ ከኮን ማዶ ነው» አለችው። «እስከዚያ ድረስ አንዴ መንዳት አልነበር የፈለግኸው?»

ወልደ ኪዳንን በጋቢ ገንዘው በመኪናዋ ጀርባ አገቡት። ረጅም ሰው ነበር፤ በሯ አልዘጋ አለ። ምናለ፣ ‹ጅራቷን ጅብ የበላባት› ብሎ ያሾፈባትን መኪና በር በራሱ የጭነት ገመድ አሰረላት። ጋሻዬ ባበጡ እጆቹ መሪውን ታቅፎ አስነሳት። እንደዚያ የሚያገሳውን ሞተር በመጀመሪያ ማርሽ ብቻ፣ እንደ ቀብር በቅሎ አዝግሞ፣ ጉሙ ውስጥ ይዞት ገባ።