የሌንስ ቅምሻ

የካቲት 16 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ አቶ ተስፋማርያም የምግብ ጠረጴዛውን ጠረጉና አሥር ፎቶዎችን ሁለት ሁለት አድርገው ደረደሩ። ከሸሚዛቸው ኪስ አምስት ፍሬ ጥሬ ቡና አውጥተው ከጎናቸው አስቀመጡ።

«ሻጭ ከቅምሻ ክፍል ይውጣ» አሉ ቀና ሳይሉ።

ሻጭ የተባለው የሃያ ሁለት ዓመቱ ልጃቸው ዓወት ነው።

«አቦይ፣ እኔ እኮ ገዢ እንጂ ሻጭ አይደለሁም!»

«ሊያሳምን የሚለፋ ሁሉ ሻጭ ነው። ውጣ።»

ዓወት እየሳቀ ወጣና በረንዳው ላይ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ቆመ። የአሥራ አራት ዓመቷ እህቱ ሰምሃር ግን ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ጭኗ ላይ ሰማያዊ ደብተር አለ። የትኛው ፎቶ በየትኛው ሌንስ እንደተነሳ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ከአምስቱ መስመሮች አንዱ በግምት የተሞላ መሆኑን የምታውቀው ግን እሷ ብቻ ናት።

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ዓወት የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው። ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር የምትኖር አንዲት ፈረንጅ ፎቶ አንሺ ወደ አገሯ ልትመለስ ዕቃዋን ስትሸጥ አንዷን ሌንሷን አሳየችውና «እስከ ሰኞ ጠዋት ሞክራት» ብላ ሰጠችው። እሱም ገርጂ እስካለው ቤታቸው ድረስ በታክሲ ሳይሆን በእግሩ፣ በሹራቡ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎ አመጣት። ታክሲ ውስጥ ሰው ይገፋኛል ብሎ ፈርቶ ነው።

«ይቺ ናት አራት ሺህ ሁለት መቶ ብር?» አለች ሰምሃር። «የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ እኮ ነው የምትመስለው!»

«ፋራ! ያዣት እስቲ።»

ያዘቻት። ከጠበቀችው በላይ ከበደቻት። ቀለበቷ ሲዞር ድምፅ የለውም፤ አይጎትትም፣ አይላላም። የፊት መስታወቷን ወደ መስኮቱ ስታዘነብለው እንደ ርግብ አንገት አንዴ ወይን ጠጅ፣ አንዴ አረንጓዴ ይሆናል። ሰምሃር «ለምን?» ብላ ጠየቀች። ዓወት አላወቀም። «ብርሃን እንዳይመለስባት የተቀባች ናት መሰለኝ» አለ። «ዋናው ነገር ብርሃን ትጠጣለች። ጨለማ ቤት ውስጥ ያለ ፍላሽ ታነሻለሽ።»

እናታቸው ወይዘሮ ኣብርሀት ከጓዳ ሆነው ሰሙ። «እሷ ብርሃን ትጠጣ! እኛስ ምን እንጠጣ?»

ቀልድ ብቻ አልነበረም። ባንክ ያለው ብር ቧንቧ ወደ ግቢ ለማስገባት፣ ለቦይ ቁፋሮውና ለቆጣሪው የተቀመጠ ነው። እስከዚያው ውሃ የምትቀዳው ሰምሃር ናት። በየማለዳው ከቦኖው ሰልፍ ትቆማለች፤ ባለ ሃያ ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን አዝላ ሁለቴ ትመላለሳለች። ትምህርት ቤት የምትደርሰው ጀርባዋ ረጥቦ ነው። የክፍሏ ልጆች «ቦቴዋ መጣች! መንገድ ልቀቁ!» እያሉ ሙድ ይይዙባታል። የቧንቧው ቦይ መጋቢት ላይ እንደሚቆፈር ስትሰማ ቀኑን ከደብተሯ የኋላ ሽፋን ላይ ጽፋው ነበር።

ዓወት ግን ሐሙስ ዕለት ራት ላይ አፉን አልዘጋም። እጁ ላይ ያለችው አሮጌዋ ዙም ሌንስ ውስጧ ሻግቷል አለ። ተክሊል ላይ ፍላሽ ሲበራ ቄሶቹ ይቆጡታል፤ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ የሙሽራዋ ፊት ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ካሜራ ያረጃል፣ ይጣላል፤ ጥሩ ሌንስ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። በሚቀጥለው እሑድ ጾሙ ሳይገባ የመጨረሻው ሠርግ አለ፤ የሙሽራው ወገኖች ፎቶዋን ካዩ ሌላ አሥር ሠርግ ይመጣል። እንዲህ እያለ ወጡ ቀዘቀዘ።

አቶ ተስፋማርያም በልተው እስኪጨርሱ አዳመጡት። ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩት በቡና ቀማሽነት ነው። በማንኪያ ይስባሉ፣ አፋቸው ውስጥ ያንከራትታሉ፣ ይተፋሉ፣ ይመዘግባሉ። ሲኒው ላይ ቁጥር እንጂ የባለቤቱ ስም አይጻፍም።

«ገበሬውም ነጋዴውም ቡናዬ አንደኛ ነው ይላል» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ጆሮዬን ዘግቼ ምላሴን ነው የምከፍተው። አምስት ቦታ፣ በሁለቱም ሌንስ፣ ከአንድ ቦታ ቆመህ አንሳ። የትኛዋ እንደምትቀድም ሰምሃር ሳንቲም ጥላ ትወስን፤ እሷው ትመዝግብ። ከአምስቱ አራቱን ከለየሁ ትገዛለህ። ካልለየሁ ቦዩ ይቆፈራል። ለይቼ ላላወቅሁት ነገር አልከፍልም። ክርክር ቢነሳ ደግሞ ዳኛው ደብተሩ ነው።»

ዓርብ ከሰዓት ማንሳት ጀመሩ። ሰምሃር ሳንቲም እየጣለች፣ እየጻፈች፣ ሦስቱን ያለ ስህተት ጨረሱ። አራተኛው ማድ ቤት ውስጥ ነበር። እናታቸው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሳንቲሙ ተጣለ፤ ዓወት አንዷን ገጠመና አነሳ፤ ሌላዋን ገጠመና አነሳ፤ ከዚያ መልሶ አዲሷን ገጥሞ «ነይ እስቲ፣ እይባት» አላት።

ሰምሃር ዓይኗን ካሜራው ላይ አሳረፈች። ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። ዓወት «አቦ፣ በቃሽ!» ብሎ ካሜራውን ሲነጥቃት ብቻ ነው የነቃችው። ደብተሩ ላይ አራተኛው መስመር ባዶ መሆኑን ያየችው አምስተኛውን ጽፋ ስትጨርስ ነው። ለማን ትናገር? አባቷ በአንዲት ቁጥር ስህተት ስንት ኩንታል ቡና እንደሚመልሱ ታውቃለች። ትንሽ አሰበችና «አንደኛው፣ አዲሷ» ብላ ሞላችው።

አሁን አቶ ተስፋማርያም መነጽራቸውን ወልውለው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፎቶዎች አነሱ። አቀረቡ፣ አራቁ፣ ሊያሸቱ ሁሉ የፈለጉ ይመስል ነበር። በአዲሷ ተነሳ ባሉት ላይ አንድ ፍሬ ቡና አኖሩ። ሁለተኛው አልቆየባቸውም። ሦስተኛው በጠራራ ፀሐይ የተነሳው የጎረቤት አጥር ነው፤ እሱ ላይ ራሳቸውን አከኩ። አራተኛው ላይ ደግሞ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ቡናዋን በሁለተኛው ፎቶ ላይ አኖሩ።

«አንብቢ» አሉ አምስቱም ሲያልቁ።

«አንደኛው... ትክክል።»

«ስንት ለስንት ነው?» አለ ዓወት ከበረንዳው።

«አንተ ዝም በል!»

«ሁለተኛውም ትክክል። ሦስተኛው... ተሳስተዋል።»

«በጠራራ ፀሐይ ማን ማንን ይለያል!» አሉ አቶ ተስፋማርያም በቁጭት።

«አምስተኛው ትክክል።»

«አራተኛውን ዘለልሽ።»

ሰምሃር አንገቷን አስግጋ አየች። ፎቶዎቹን ከትላንት ማታ ጀምሮ አባቷ ፖስታ ውስጥ አሽገዋቸው ስለነበር ገና አሁን ማየቷ ነው። ከእናቷ ኋላ ያለውን ስታይ ደነገጠች። ደብተሩ ተሳስቷል። አባቷ ናቸው ልክ።

ማንበብ ብቻ ነው የሚጠበቅባት። መዋሸት እንኳ አያስፈልጋትም፤ የተጻፈውን ማንበብ ውሸት ነው? ዓወት ፎቶውን አይቶ ቢጮህም የሻጭ ጩኸት ነው፤ ዳኛው ደብተሩ ነው ተብሏል። ቧንቧው ከአጥሩ ሥር ሲንጠባጠብ ታያት። ቦቴ የሚላት ሰው አይኖርም።

«አራተኛውን... አልጻፍኩትም ነበር» አለች። «ረስቼ በኋላ በግምት ሞላሁት።»

አባቷ ብዙ አልተቆጡም። ያ ባሰባት። ከአራተኛው ፎቶ ላይ ቡናዋን በሁለት ጣታቸው አነሱና ኪሳቸው ከተቱ።

«ቁጥሩ የጠፋ ሲኒ ይደፋል» አሉ። «ሦስት ነው። በቃ፣ ቦዩ ይቆፈር።»

በረንዳው ላይ ዓወት አልዞረም። አንገቱ ብቻ ትከሻው ውስጥ ሲገባ ታየ። እናታቸው የማድ ቤቱን በር ተደግፈው ቆመዋል፤ ፊታቸው ላይ ደስታም ኀዘንም አልነበረም።

ሰምሃር እውነቱን ተናግራለች። ውሃውም መጥቷል፣ ያለ ውሸት፣ በንጹሕ እጇ። ዝም ብትል የሚወቅሳት የለም። ደብተሩን ዘጋች። ከዚያ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«አቦይ፣ ፎቶዎቹን ይሸፍኗቸው።»

«ለምን?»

«እኔ ልቅመስ።»

አቶ ተስፋማርያም ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው አዩዋት። በሁለት ሰፊ መዳፎቻቸው ሁለቱን የማድ ቤት ፎቶዎች ሸፈኑ።

«በአዲሷ ሳይ» አለች ሰምሃር ወደ እናቷ እየጠቆመች፣ «አደይ ምስር ስትለቅም ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ለራሷ ታወራለች። እኔ በየቀኑ አጠገቧ ነኝ፤ አይቼው አላውቅም። ሽፋሽፍቷ ላይ የምስር አቧራ አለ። ከኋላዋ ደግሞ ሦስቱ ጀሪካኖቼ አሉ አይደል? አልነበሩም! ቢጫ ነገር ብቻ ነው፣ ልክ የአደይ አበባ መስክ። ዓይኔን ሳነሳ ጀሪካን ነው። መልሼ ሳይ አበባ ነው። ሦስቴ ደጋግሜ አየሁ። ለዚህ ነው መጻፉን የረሳሁት።»

«ምን አቧራ ነው የምትለው ይቺ!» አሉ ወይዘሮ ኣብርሀት ከበሩ ሆነው፣ ሽፋሽፍታቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ።

አቶ ተስፋማርያም መዳፎቻቸውን አነሱ። በአንደኛው ፎቶ ጀሪካኖቹ ባንዲራ እንደሚሰቅሉ ተማሪዎች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ክዳናቸው፣ ገመዳቸው፣ የአንደኛው ስርጉድ ሳይቀር ይታያል። በሁለተኛው ከእናቷ ጀርባ ቢጫው ብቻ አለ። አባቷ ሁለተኛውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘውት ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጥተው እንደቆሙ ጠየቁ።

«ቦዩ እንደሚቀርስ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ለአንድ ወር አይደለም እኮ።»

«አውቃለሁ አቦይ። ሁለተኛው ነው።»

እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ቡናዋን ፈልገው ሲያገኟት ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ፤ ፎቶውንም ቡናዋንም በቦታቸው አኖሩና «ዓወት፣ ግባ» አሉ።

ዓወት ሌንሷን ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ገዛ። ቧንቧው ግቢያቸው የገባው ጥቅምት 1992 ዓ.ም.፣ አቶ ተስፋማርያም ካረፉ ከአራት ወር በኋላ ነው።