የፓምፑ ቆዳ በሁዳዴ

የፓምፑ እጀታ ክብደት አልነበረውም። አትጠገብ ስታነሣው ተነሣ፣ ስትለቀው ወደቀ። ከአፉ የወጣው አየር ብቻ ነበር።

«ሠላሳ ጊዜ ገፋሁት» አለች፣ ግንባሯን በክንዷ እየጠረገች። «ጠብ አላለም።»

ጎረቤቷ ሐዋ አጥሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። ሁለቱም ገና አሥራ አራት ዓመታቸው ነው። «በዚህ በቀጭን ክንድሽ ሠላሳውም እንደ ሦስት ነው» አለቻት።

«አንቺ ደግሞ! አሁን ቀልድ ያምርሻል?»

ከጓሮው ክፍል የአትጠገብ እናት ሥርጉት ስታቃስት ይሰማል።

ጉድጓዱን ያስቆፈረው በኮምቦልቻ የመንገድ ሥራ ያሠራ የነበረ አንድ ጣልያን ነው። አፉን በሲሚንቶ ደፍኖ ቱቦ ብቻ አስገባበትና ላዩ ላይ የእጅ ፓምፑን ተከለ። ባልዲ የሚገባበት ቀዳዳ እንኳ አልተወም። ወደ ደሴ ሲዛወር ልብሱን ታጥብለት ለነበረችው ለሥርጉት «ግቢውን ጠብቂ» ብሏት ሄደ። ይኸው ዓመት ሊሆነው ነው።

ሥርጉት ከታመመች ዘጠኝ ቀን ሆኗታል። በጭነት መኪና ደሴ ወጥታ ስትታይ ሐኪሙ የአንጀት ተስቦ ነው ብሎ ከቦርከና ወንዝ እንዳትጠጣ አስጠንቅቋት ነበር። ከወንዙ በላይ የመንገድ ሠራተኞች ሰፍረዋል፤ ውሃው ምን ይዞ እንደሚወርድ ማንም ያውቃል። አፍልቶ ማጠጣት ይቻላል፤ ግን እቤት የቀረው እንጨት አንድ እቅፍ አይሞላም። ፓምፑ ትናንት ማታ ስለቆመ አትጠገብ ሌሊቱን ሙሉ ይህን ስታሰላ ነው ያደረችው። እያንዳንዱ ስሌት መጨረሻው ያው ነበር፤ እናቷ አልጋው ላይ ዝም ብላ።

«ወንድሜ በሺር ከመካኒኩ ጋር ሲሠራ ያየውን ነግሮኛል» አለች ሐዋ አጥሩን ዘላ እየገባች። «መጀመሪያ በአናቱ ውሃ ይጨመራል። ውሃው ቆሞ ከቀረ የተበላሸው ታች ቱቦው ነው፤ ያኔ አለቀልን። ከሰረገ ግን ውሃ የሚስበው የውስጥ ቆዳ ነው።»

አትጠገብ ለልብስ የቀዳችውን የወንዝ ውሃ በጣሳ አመጣችና ጨመረችው። ሁለቱም አንገታቸውን አስግገው አዩ። ውሃው ጉል፣ ጉል እያለ ወርዶ አለቀ።

«ቆዳው ነው!» አለች ሐዋ።

ከአራቱ ብሎኖች ሦስቱ በጉጠት ተፈቱ። አራተኛው ዝጎ ስለነበር በድንጋይ ሲመቱት የአትጠገብ አውራ ጣት ደማ። ክዳኑን አንሥተው ረጅሙን የብረት ዘንግ ሲስቡት፣ ጫፉ ላይ እንደ ፍንጃል የተቀለበሰ ክብ ቆዳ ወጣ። ደርቆ እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ውሃውን ከታች ስቦ የሚያወጣው እሱ ነበር።

እቤት የነበረው ወፍራም ቆዳ የአባቷ የበቅሎ ኮርቻ ቅዳጅ ነበር። አንድ ክብ ብቻ ወጣው። እስከ ቀትር ውሃ ውስጥ ዘፈዘፉትና ጣሳ ቂጥ ላይ ወጥረው ቅርጹን አስያዙት።

«አሁን በስብ ይታሻል» አለች ሐዋ። «ካልታሸ ነገ ይሰነጠቃል። መካኒኩ በሞራ ነበር የሚያሸው።» እቤቷ ሮጣ ሄዳ በጉሎ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ መጣች። አትጠገብ ቅቤውን ቆዳው እስኪጠግብ አሸችው። ስለ እናቷ ጉሮሮ እንጂ ስለ ሌላ ምንም አላሰበችም።

ቆዳውን ዘንጉ ላይ ገጥመው መለሱት፤ በአሥራ አራተኛው ግፊት እጀታው ከበደ። በሃያኛው ውሃው ገንፍሎ ወጣ። ሁለቱ ልጆች ተቃቅፈው ጮኹ።

ከዚያ አትጠገብ ጣሳውን አየችው። ውሃው ላይ ትንንሽ ቢጫ የቅቤ ዐይኖች ይንሳፈፋሉ።

«ያ ረቢ» አለች ሐዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጾም ላይ ናችሁ ለካ!»

ሁዳዴ ከገባ አራተኛ ሳምንቱ ነው። ሥርጉት ስትታመም የንስሐ አባቷ እንድትገድፍ ነግረዋት ነበር። እሷ ግን «እሳቸው ፈቅደውልኛል፤ እኔ ለራሴ አልፈቀድኩም» ብላ መለሰች። ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ሰሜን ዘምቶ የቀረው ባሏ እንዲመለስ ተስላለች። ስእለቷም ሁዳዴን የከብት ቅባት ሳይነካት መጨረስ ነው።

«አፍስሽው፤ ዐይኑ ይጠፋል» አለች ሐዋ። «እኔ አልናገርም ወላሂ።»

«ቆዳውስ? ገና የጠገበ ነው እኮ። አንቺ ብትሆኚ፣ በረመዳን፣ እናትሽ ብትሆን?»

ሐዋ ቅቤ የነካውን ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። «እንጃ» አለች።

አሥር ጣሳ ደፉ። ዐይኖቹ አነሱ እንጂ አልጠፉም። ከጓሮው ክፍል ድምፅ መጣ። «አትጠገቤ፣ ውሃ መጣ እንዴ?»

ሥርጉት ዋንጫውን በሁለት እጇ ይዛ አንዴ ተጎነጨች። ከዚያ ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው። «ምንድን ነው የሚያብለጨልጨው?»

ቅቤው የተጠቀለለበት የጉሎ ቅጠል አትጠገብ ዐይን ላይ መጣ። «የጉሎ ዘይት ነው እማዬ። ቆዳውን ያሸንበት።»

«ጉሎ ጾም ነው» አለች እናቷ፤ ጠጣችም። የተሰነጠቀ ከንፈሯ እንደ መሳቅ አለ። «ሐዋን አላህ ይስጥሽ በያት። ለእማሆይም በማሰሮ ውሰጂላቸው። ምስኪን፣ ከወንዝ የሚቀዳላቸው የለም።»

እማሆይ ከአጥሩ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው። በሁዳዴ ከሠርክ በፊት ውሃም አይቀምሱም። አትጠገብ ማሰሮውን ተሸክማ ደጃፋቸው ድረስ ሄደች። ከውስጥ ሲጸልዩ ይሰማል፤ ድምፃቸው ከጥማት የተነሣ ይቆራረጣል። እጇን ለማንኳኳት አነሣችና አየር ላይ ያዘችው። አንዲት ውሸት እናቷን አጠጥታ ልትቆም ነበር፤ ይኸው አጥር ተሻግራ መጣች። ነገ ደግሞ እናቷ ማንን አጠጪ ትላታለች?

ማሰሮውን ጎዳናው ላይ ደፋችው። አፈሩ ወዲያው ጠጣው።

ሐዋ ግቢው ውስጥ ነበረች። አትጠገብ ጉጠቱን አነሣች።

«አንቺ! አበድሽ? ሌላ ቆዳ የለሽም እኮ!»

«አውቃለሁ። ቆዳውን ሳልይዝ ከገባሁ እውነቱን ልናገር ስል አፌ እምቢ ይለኛል። አውቀዋለሁ አፌን።»

ሐዋ ተንበርክካ ሁለተኛውን ብሎን ያዘች። «እኛ ቤት ያለውን እንጨት እጠይቃለሁ» አለች ቀና ሳትል። «ብዙ አይደለም።»

እጀታው ተመልሶ ወደቀ።

«ደግሞ ተበላሸ?» አለች ሥርጉት ከውስጥ። ድምጿ ከጠዋቱ የቀለለ፣ ትንሽ ነፍስ የዘራ ነበር። ይህ ነው አትጠገብን በሩ ላይ ያቆማት። ለወንዝ የሚሆነውን እንስራ ደጃፉ ላይ አስቀመጠች። ፀሐዩ ወደ ማዘንበሉ ነው፤ ቦርከና ደርሳ ስትመለስ ይመሻል፤ ውሃው እስኪፈላና እስኪበርድ እናቷ ምን ትጠጣለች?

ገባች። የእናቷ እጅ ዳግመኛ ወደ ዋንጫው እየተዘረጋ ነበር። አትጠገብ ዋንጫውን ቀስ አድርጋ አራቀችው፤ በምትኩ ያንን እርጥብ ክብ ቆዳ በእናቷ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«አልተበላሸም፤ እኔ ነኝ የፈታሁት» አለች። «እማዬ፣ አሽትቺው።»