የካሳው ፍየል

ሐኪሙ የነቢዩን ቅልጥም በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊት ሳብ ሲያደርገው አጥንቱ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ተንሸራተተ።

«የጉልበቱ ጅማት ተበጥሷል» አለ። በራሱ አይገጥምም፤ ከጭኑ ሌላ ጅማት ተወስዶ በቦታው ይተከላል። ቀዶ ጥገናው የሚሠራው አዲስ አበባ ነው። እስከዚያ በክራንች ቀጥ ብሎ መሄድ ይችላል፤ ዞር ሲል ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። «ሰው መታህ ወይስ ዘለህ ስታርፍ ተጠመዘዘ?»

ነቢዩ አፉን ሳይከፍት አባቱ አቶ ዘነበ መለሱ። «ኳስ ሲጫወቱ ጓደኛው ነው የመታው።»

ጓደኛው ኸሊፍ ግን አልነካውም። ነቢዩ ክፍል ፎርፎ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሲዘል ነው ጉልበቱ ጧ ያለው። አባቱ፣ ዳግመኛ ከትምህርት ከቀረህ ኳስ የሚባል አታይም ብለውት ነበር። ስለዚህ ማን ጎዳህ ሲሉት አፉ ላይ የመጣለትን ስም ጠራ።

ከወደቀ ሳምንት ሳይሞላ፣ ገና ሐኪም ዘንድ ሳይሄድ፣ የኸሊፍ አጎት ጉሃድ ከሽማግሌዎች ጋር ነጭ ፍየል እየነዱ መጡ። የክርስቲያን ቤት ነውና የቤቱ ሰዎች ራሳቸው እንዲያርዱት ከነነፍሱ አመጡት። ልጃችን ልጃችሁን ጎድቷል፣ ይቅር በሉን አሉ። አቶ ዘነበ ተነስተው ጨበጧቸው። ኸሊፍም በዚሁ ሰበብ ከኳስ ቡድኑ ወጣ።

ነቢዩና አባቱ ከሐኪም በተመለሱበት ዕለት ከሰዓት ኸሊፍ መጣ። ከግቢው በር አላለፈም።

«ዋርያ፣ አንተ ልጅ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው? ያ እኔ የመታሁት።»

ነቢዩ በክራንቹ ጫፍ አፈሩን ጫረ።

«አጎቴ የተጎዳ ልጅ አይዋሽም አለኝ። ቆይ፣ እኔ ምን አርጌህ ነው?»

«ፋዘርን ታውቀው የለ።»

«አውቃቸዋለሁ። እሳቸውም ያውቁኝ ነበር» አለና ሄደ።

ነቢዩ ሊከተለው ፈጠን ብሎ ሲዞር ጉልበቱ ሸሸበት። ፍየሉ አጠገብ ወደቀ። ፍየሉ ችካሉን ሲዞር ውሎ ገመዱን ጨርሶታል፤ አንገቱ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቋል። አባቱ ከቤቱ ጋር ከተያያዘው ሱቃቸው ውስጥ ሆነው፣ ነገ ጠዋት ይታረዳል፣ መረቁ ለጉልበትህ ጥሩ ነው አሉት።

 ነቢዩ የፍየሉን ገመድ ከችካሉ ፈትቶ፣ ክራንቹን ተደግፎ ተነሳ።

«ወዴት ነው?» አሉ አባቱ።

«እነ ኸሊፍ ቤት።» ገመዱን እጁ ላይ ጠቀለለ። «አባዬ፣ ከአጥር ስዘል ነው የወደቅኩት። ኸሊፍ እዚያም አልነበረም።»

አቶ ዘነበ የያዙትን የስኳር መስፈሪያ አስቀመጡ። ልጃቸውን አዩት፤ ፍየሉንም አዩት።  ነቢዩ ቆሞ ጠበቀ። ክልከላም ስድብም ሳይመጣ ሲቀር ፍየሉን ይዞ ወጣ።

እነ ኸሊፍ ቤት ከመታጠፊያው በኋላ ነው። ጥጉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ክራንቹን አስቀደመ፣ ደህናውን እግሩን ተከለ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረ። ፍየሉ ገመዱን ሳይወጥር ተከተለው።