ሰው አለኝ ያለው ሹፌር

ጎሳዬ ከሠላሳ አራት ዓመት ዕድሜው አሥሩን ያሳለፈው ተሳቢ ሲነዳ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ተመልሶ ጅቡቲ። የአፋር ሙቀት አልበገረውም፣ የጋላፊ ድንበር ወረፋም አላስመረረውም። የጣለው ለሰው በማይነገር ቦታ የወጣ ሕመም ነው።

ኪንታሮት። ቃሉን ለብቻው ሆኖ እንኳ ሲያስበው ፊቱ ይግል ነበር። እንዲህ የሚያፍርበትም ምክንያት ነበረው። ከሁለት ዓመት በፊት በፍቃዱ የሚባል ሹፌር በዚሁ ሕመም ትራስ ይዞ መኪና ላይ ሲወጣና ሲወርድ «ትራሱ» የሚል ስም ወጣለት። መኪና ማቆሚያው ሁሉ በዚያ ስም ሲጠራው ከረመ፤ በመጨረሻ ሰውየው መስመሩን ጥሎ ሄደ። ስሙን ያወጣው ጎሳዬ ነበር።

ወለላን የተዋወቃት ሕመሙ ከመጠናቱ በፊት ነው። ጅቡቲ ከተማ ገና ባልነቃችበት የዓርብ ማለዳ ሄሮን በሚባለው ሰፈር በባሕሩ ዳር ሲሮጥ፣ አንዲት ጠይም ሴት ከኋላው ደርሳ አለፈችው። ጥቂት እንደሄደች ዞር አለች።

«ይቅርታ፣ እየሮጥክ ነው ወይስ የጠፋብህን ዕቃ እየፈለግክ?»

«ሹፌር ነኝ። እግሬ ነዳጅና ፍሬን ብቻ ነው የለመደው።»

«እንግዲያው ነዳጁን ርገጠዋ!»

ሳቁ ትንፋሹን ቀማው። የዚያን ቀን አልደረሰባትም፤ በሚቀጥለው ዓርብ ግን ቆማ ጠበቀችው። ወለላ ሀራሙስ ሰፈር ውስጥ በአንዲት ፈረንሳዊት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች፤ ዓርብ እስከ እኩለ ቀን የራሷ ነው። ለአራት ወር ያህል፣ እሱ ከተማው ውስጥ በዋለበት ዓርብ ሁሉ አብረው ሮጡ። ሩጫው ሲያልቅ ባሕሩን እያዩ ዝም ብለው ይቆማሉ። ብዙ የተነጋገሩት በዚያ ዝምታ ነው። ጎሳዬ ድሬዳዋ ላሉት ታላቅ ወንድሟ ሽማግሌ ስለ መላክ ማሰብ ጀምሮ ነበር።

ከዚያ ደሙ በዛ። መቀመጥ አቃተው፤ ሲነዳ በአንድ ጎኑ ተንጋዶ ሆነ። ሐኪም ቤት ሲሄድ የጠበቀችው ዶክተር ማይሙና ናት፤ አዲስ አበባ የተማረች፣ አማርኛዋ የተስተካከለ። ሴት መሆኗን ሲያይ ከበሩ ሊመለስ ነበር።

«ግባ እንጂ፣ ወንድሜ» አለችው። «ዛሬ ካንተ በፊት ሦስት ሹፌር አይቻለሁ።»

ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ተባለ። በዋዜማው ለወለላ ደወለላት።

«ጭነት አግኝቻለሁ። ሁለት ሳምንት ልቆይ እችላለሁ።»

«መልካም መንገድ። ስትደርስ ደውልልኝ።»

መንገዱ ከሐኪም ቤቱ እስከ ካርቲዬ ሁለት ሰፈር፣ እስከ ጓደኛው አበባው ክፍል ድረስ ብቻ ነበር። እዚያ በጎኑ ተኝቶ ቀን ቆጠረ። አበባው በቀን ሦስት ጊዜ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ እያቀረበለት ፊቱን አዙሮ ይወጣል። የመጀመሪያው ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቶ ያለቀሰውን ልቅሶ እናቱ ስትሞትም አላለቀሰም። ጫት ተከለከለ፣ ከባድ ማንሳት ተከለከለ፣ ሩጫ ተከለከለ። ውኃ መጠጣትና ቤት ውስጥ ቀስ ብሎ ወዲያ ወዲህ ማለት ብቻ ተፈቀደ።

በዘጠነኛው ቀን የሆድ ማለስለሻ ሽሮፑ አለቀበት። አበባው ወደብ ስለነበር እግሩን ከፈት እያደረገ እየተጎተተ መድኃኒት ቤት ሄደ። ጠርሙሱን ተቀብሎ ዞር ሲል ወለላ በሩ ላይ ቆማለች።

ጠርሙሱን ከጀርባው ደበቀ።

«አዲስ አበባ አይደለህም እንዴ?» አለችው።

«ት... ትናንት ገባሁ።»

አየችው። ከስቷል፣ ጺሙ አድጓል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ዓይኗን ግን ሊያይ አልቻለም፤ እሷ ደግሞ ያየችው ይህንኑ ነበር።

«ጎሳዬ፣ ሌላ ሰው ካለህ ንገረኝ። አልቆጣም።»

እውነቱ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ከመስታወቱ ጀርባ ሻጯ ታዳምጣለች። «ትራሱ» የሚለው የገዛ ድምፁ ጆሮው ውስጥ ጮኸ።

«አዎ» አለ። «ሰው አለኝ።»

ወለላ አልተቆጣችም። ራሷን አንድ ጊዜ ነቀነቀችና የመጣችበትን ሳትገዛ ተመልሳ ወጣች። እሱ መከተል አይችል፣ መቀመጥ አይችል፤ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ያን ቀን ከቁስሉ ይልቅ የተናገረው አመመው።

ሳምንታት አለፉ። ቁስሉ ጠገገ። ማለዳ ማለዳ በካርቲዬው ጠባብ መንገድ መራመድ ጀመረ፤ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት። ወደ ሄሮን ግን አንድም ቀን አልወረደም። በስድስተኛው ሳምንት ዶክተር ማይሙና አይታው ፈገግ አለች።

«አሁን ቀስ ብለህ መሮጥ ትችላለህ። ሁለት ደቂቃ ሩጥ፣ ሦስት ደቂቃ ተራመድ። ካመመህ ወይም ደም ካየህ አቁምና ናልኝ።»

የምሥራቹን ይዞ ሲመለስ አበባው ምሳ እየበላ ነበር።

«ወለላ ልትሄድ ነው አሉ» አለው ሳያየው። «ማዳሟ ወደ ሞሮኮ ተዛወረች፤ አብረሽኝ ነይ ብላታለች። እሑድ ቁርጡን ትነግራታለች።»

«ጥሩ ነው... ለሷ ጥሩ ነው።»

አበባው ጉርሻውን መለሰና ቀና አለ። «አንተ ሰውዬ፣ ሰገራህን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ። እኔ ፊት አትዋሽ።»

ጎሳዬ ስልኩን ይዞ ወጣ። መጀመሪያ የደወለው ግን ለወለላ አልነበረም። የበፍቃዱን ቁጥር ከስንት ሰው ጠይቆ አገኘ።

«ያን ስም ያወጣሁልህ እኔ ነኝ» አለው። «አሁን እኔም ታምሜ አየሁት። ይቅር በለኝ።»

«ማን እንዳወጣው አውቅ ነበር» አለ በፍቃዱ። «ይቅር ብዬሃለሁ ለማለት ቀን ስጠኝ።» ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጎሳዬ ሀራሙስ ቪላው በር ላይ ቆመ። ጥበቃው ዓብዱሰመድ ወለላን ጠርቶለት ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ወለላ ሽርጧን ሳትፈታ ወጣች።

«ምን ፈለግህ?»

«ሌላ ሰው የለኝም። ኖሮኝም አያውቅ። አዲስ አበባም አልሄድኩም።» «ኪንታሮት... ኪንታሮት አሞኝ ኦፕራሲዮን ሆኜ ነው። አፍሬ ነው።»

ይስቃል ብሎ የጠበቀው ፊቷ አልሳቀም። ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ።

«ከኪንታሮት ይልቅ ሴት አለኝ ማለት ቀለለህ?»

«ወለላ...»

«ቆይ፣ እኔም ልናገር። አንተ አፍረህ ተኛህ። እኔ ደግሞ ምን ጎደለኝ እያልኩ መስታወት ፊት ከረምኩ። መልኬ ነው? ሰው ቤት መሥራቴ ነው? ብዬ። ያንተን እፍረት ነው እኔ ላይ ጭነህ የሄድከው፤ አውቀኸዋል?»

አላወቀውም ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሚያፍረው በሕመሙ ነበር፤ አሁን ግን ያፈረው በራሱ ነው። አንገቱን ደፋ።

«አጥፍቻለሁ። ሂጂ ወይም ቅሪ ልልሽ አልመጣሁም። እውነቱን ሳታውቂ እንዳትሄጂ ብዬ ነው። የጎደለሽ ነገር የለም።»

ዓብዱሰመድ አማርኛ ባይሰማም ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። ወለላ በሽርጧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«አሁንስ ያምሃል?» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ሳይለሰልስ።

«ስቀመጥ አልፎ አልፎ።»

«እንግዲያው ነገ አትቀመጥ። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሄሮን እመጣለሁ።»

መጣች። ሁለት ደቂቃ ሮጡ፤ እሱ ሰውነቱ እንደ ጨርቅ የሚተረተር መስሎት በየእርምጃው ይፈራል። እሷ አልቀደመችውም፤ ትንፋሹን እያዳመጠች እኩል ሄደች። ሦስት ደቂቃ ሲራመዱ ጠየቀችው።

«ነገ ሌላ ነገር ቢያምህስ? ያን ጊዜ ምን ልትለኝ ነው?»

አሰበበት። «ቶሎ አልነግርሽ ይሆናል። እፍረቴ ባንድ ቀን አይለቀኝም። ግን አልዋሽሽም።»

«ወዲያው እነግርሻለሁ ብትለኝ ኖሮ አላምንህም ነበር» አለች።

አምስት ጊዜ ሮጡ፣ አምስት ጊዜ ተራመዱ። አልደማም፣ አላመመውም። ሲጨርሱ እጇን ሰጠችው፤ መንገደኛ እያያቸው፣ ፀሐይዋ ከፍ ብላ፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ቆሙ። ወለላ በሌላው እጇ ስልኳን አወጣች።

«እሑድን ምን አስጠበቀኝ?» አለችና ለማዳሟ ደወለች። በፈረንሳይኛ ተናገረች፤ ጎሳዬ አንዳንድ ቃል ብቻ ለቀመ። አልሄድም አለች። እጮኛዬ አለች። ይህን ስትል ጣቶቹን ጠበቅ አደረገች። ታሞ ነበር አለች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«ምን ሆኖ ነበር ትለኛለች» አለችው፣ ስልኩን በመዳፏ ሸፍና።

ጆሮው ድረስ ቀላ። ባሕሩን አየ፣ ጫማውን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ።

«ንገሪያት።»

ነገረቻት። ከወዲያ ረጅም ንግግር መጣ። ወለላ ከንፈሯን ነክሳ እያዳመጠች ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ምን አለች?» አለ ጎሳዬ በጭንቀት።

«ባሌም ነበረበት አለች። ምስርና አትክልት አብዢለት፣ ተሳቢውን በየሁለት ሰዓቱ እያቆመ ይንቀሳቀስ፣ ሠርጋችሁንም እንዳትደብቁኝ አለች።»

ጎሳዬ ፊቱን በአንድ እጁ ሸፈነ። ሌላኛው እጁ እሷ ጋ ነበር፤ አላስለቀቀውም።