እርሾውና የዛላ ክር

የሐመራን አገር እርሾ በተሰረቀ በማግስቱ የሰው ጥፍር ማደግ አቆመ። መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። ኋላ ግን የታጨደው ሣር ተመልሶ አልበቀለም፤ ጫጩቱም ጫጩት እንደሆነ ቀረ፤ የእርጉዞችም ወር አልገፋ አለ። ያኔ ሽማግሌዎች የጥንቱን ቃል አስታወሱ፦ «ከሕያዋን ሁሉ አስቀድሞ በዚህ አገር የነበረው እርሾው ነው። እሱ ሲነሣ ሁሉ ይነሣል፤ እሱ ሲተኛ ሁሉ ይተኛል።»

ሌባው ንዳድ ነበር፤ በአመድ ተራራ የሚኖር፣ ገላው እሳት የሆነ፣ በሰው አንደበት የሚናገር ፍጡር። የእርሾውን ማሰሮ ከንግሥት ሐሊባ ግምጃ ቤት አንሥቶ ሲሄድ እግሩ ያጠቆረው ደረጃ ታጥቦ አልጠራም።

ሰንበልት የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ነበረች። እርሾው የተሰረቀ ዕለት ልጇ ዛላ የስድስት ወር ሕፃን ነበረች። ሁለት ዓመት አልፎም ያው የስድስት ወር ሕፃን ናት። ትጠባለች፣ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፤ አታድግም። በሐመራን እናት ልጇን የምትለካው በክር ነው። በየወሩ መባቻ ክሩን ከልጇ አናት እስከ ተረከዟ ትዘረጋና ተረከዙ በደረሰበት ላይ ትቋጥራለች። በዛላ ክር ላይ ሃያ አራት ቋጠሮ በአንድ ቦታ ተደራርቦ እንደ ሽንብራ አብጦ ነበር። ሰንበልት ሥራ ስትሠራም፣ ስታወራም፣ ጣቷ ከዚያ እብጠት ላይ አይነሣም። አንድ ጠዋት ልጇን ለእናቷ ሰጥታ፣ ክሩን ይዛ ወደ ቤተ መንግሥት ሄደች።

«ሦስት ጊዜ ጦር ልኬ ሦስት ጊዜ አመድ ተመለሰልኝ» አለች ንግሥቲቱ። ድምፅዋ የደከመ ነበር። «አንቺ ምን ይዘሽ ትሄጃለሽ?»

«ምንም የለኝም፣ እመቤቴ። ግን እርሾውን ሊጥ ያቦካ እጅ ካልሆነ አያስነሣውም ይባላል፤ የእኔ እጅ ያቦካ ነው። በልጄ እምላለሁ፤ ማሰሮውን ሳልይዝ ፊቷን አላይም።»

ንግሥቲቱ ሁለት ሰዎች ሰጠቻት። አንደኛው አባ ጉልማ፣ የአገሩ ዋና መስካሪ ናቸው። በሐመራን ሰውም ሆነ በሬ፣ መስካሪ ሰባቱን የሕይወት ምልክቶች ሳይቆጥርበት አይቀበርም፤ ይመገባል ወይ? ይተነፍሳል? ይንቀሳቀሳል? ያድጋል? ለነካው ይመልሳል? ቆሻሻውን ያስወግዳል? ይራባል? ከሰባቱ አንድም ከሌለው መስካሪው «ሙት ነው» ይላል፤ ያ ቃል አይሻርም። ሁለተኛው ቀጸላ የሚባል ወታደር ነው። እርሾው ሲሰረቅ ጢሙን ግማሹን ተላጭቶ ነበር፤ ግማሹ እስከ ዛሬ አልበቀለም።

«ለምን ሌላውንም አትላጨውም?» አለችው ሰንበልት መንገድ እንደጀመሩ።

«እቴ፣ ግማሽ ጢም ከባዶ ፊት ይሻላል። የተረፈኝ ተስፋ እሱ ነው።»

ሃያ ቀን ተጓዙ። እግራቸው ዛለ፤ ወሬያቸውም አለቀ። አንድ ቀን ምሳ ሊበሉ ሲቀመጡ ሰንበልት ሽንኩርት ላጠች። አባ ጉልማ የሽንኩርቱን ስስ ሽፋን ተቀብለው፣ ከአንገታቸው የሚያንጠለጥሉትን ጥርት ያለ ድንጋይ ላዩ ላይ አስቀመጡ። ድንጋዩ ትንሹን ነገር አግዝፎ ያሳያል።

«እይው፣ ልጄ።»

አየች። ሽፋኑ እንደ ማር ሰፈፍ ግድግዳና ክፍል፣ ግድግዳና ክፍል ነበር።

«እያንዳንዷ ክፍል ሕዋስ ትባላለች» አሉ ሽማግሌው። «መሰሎቿ ሲገጣጠሙ እንደ ሸማ ይሸመናሉ። የተሸመነው ከሌላ የተሸመነ ጋር ተባብሮ ልብን፣ ሳንባን፣ ቅጠልን ይሠራል። እነዚያ ተደጋግፈው አንድ ገላ ይሆናሉ፤ ገላዎች መንጋ፣ መንጋውም ከሣሩና ከዛፉ ጋር አገር።»

«እኔም ውስጥ እንዲህ ክፍል አለ?» አለ ቀጸላ።

«የማይቆጠር።»

«ይኸ ሁሉ ቤት እያለኝ ሜዳ ላይ የማድረው ምን በድዬ ነው?»

ሰንበልት ከቤት ከወጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «እርሾውስ፣ አባ?»

«እርሾ አንዲት ክፍል ናት። ብቻዋን፣ ሙሉ ሕይወት።»

የአመድ ተራራ ሲደርሱ ንዳድ አፋፉ ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ከዋርካ ይረዝማል። ማሰሮው እግሩ ሥር ነው። ቀጸላ ጦሩን ሲያነሣ ንዳድ እጁን በዝግታ ዘረጋ፤ የጦሩ እንጨት በወታደሩ መዳፍ ውስጥ አመድ ሆነ።

«መዋጋት ሰልችቶኛል» አለ ንዳድ። «ማሰሮውን የወሰድሁት ልበላው አይደለም። እሱ ሕያው ተብሎ እኔ ያልተባልሁበትን ምክንያት ፈልጌ ነው፤ ሁለት ዓመት አየሁት፣ አላገኘሁትም። ሕጋችሁ ‹ሕያው የሆነ ሁሉ በንግሥቲቱ ከተማ ይኖራል› ይላል። መስካሪው ይቁጠረኝ። ሕያው ነህ ካለኝ ከተማችሁ ገብቼ እቀመጣለሁ። አይደለህም ካለኝ ማሰሮውን ውሰዱ። በነፋስ እምላለሁ።»

የከተማው ጣራ ሁሉ ሣር ነው። ዛላ የተኛችው ከእነዚያ ጣራዎች በአንዱ ሥር ነው።

አባ ጉልማ መቁጠር ጀመሩ። ንዳድ ግንድ ይመገባል። ቢታፈን ይጠፋል፤ ስለዚህ ይተነፍሳል። ይንቀሳቀሳል። ያድጋል። ነፋስ ሲነካው ይመልሳል። አመድና ጭስ ያስወግዳል። ከአንድ ችቦ መቶ ችቦ ይወልዳል። ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ።

«ሰባቱም አሉት፣ ልጄ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ስድሳ ዓመት ዋሽቼ አላውቅም። ምን ልበል?»

ሰንበልት አንድ እርምጃ ቀረበች። ክሩን በጣቷ ዳበሰች። «እስቲ ቃልዎን ያቆዩልኝ፣ አባ። ድንጋዩንም ይስጡኝ።»

ንዳድ አንዲት የነበልባል ጣት ዘረጋላት። ቅንድቧ እየተለበለበ በድንጋዩ አየች። ግድግዳ የለም። ክፍል የለም። የሚፈስ ብርሃን ብቻ ነው።

«ልጄ የጠባችው ወተት ሥጋዋ ይሆናል» አለችው። «አንተ ስንት ጫካ በላህ? የበላኸው የት አለ? አመዱ ይኸው እግሬ ሥር ነው። ሕያው ነገር ከበላው ራሱን ይሠራል፤ ክፍል በክፍል፣ ግድግዳ በግድግዳ። አንተ አልተሠራህም። ትነዳለህ እንጂ።»

አባ ጉልማ ድንጋዩን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩ። «ሕያው አይደለም» አሉ።

ንዳድ ከዋርካ ቁመቱ ወረደና የሰው ያህል ሆነ። «ታዲያ ምንድን ነኝ?»

«አላውቅም» አለች ሰንበልት። «ግን የበረደው ሰው ይወድሃል።»

መሐላውን አላፈረሰም። ማሰሮውን ገፋ አደረገላት።

ማሰሮው ውስጥ ያለው ግን ድርቅ ብሎ ሐምሌን እንዳላየ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር። አባ ጉልማ ቆጠሩ። አይተነፍስም። አይነሣም። ከሰባቱ አንድም የለውም። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሰንበልት እጃቸውን ያዘች፤ በዚያ አገር የመስካሪን እጅ የያዘ ሰው የለም።

«በድንጋዩም ይዩት፣ አባ። ንዳድን በምልክት ብቻ ብንፈርደው ተሳስተን ነበር።»

አዩ። ክፍሎቹ ተጨማደዋል፤ ግድግዳቸው ግን አልፈረሰም። ሽማግሌው አመዱ ላይ ተቀመጡ።

«ተኝቷል» አሉ። «ዘር አፈር እስኪያገኝ እንደሚተኛ። ስድሳ ዓመት ስቀብር ኖሬያለሁ፣ ልጄ። ከቀበርሁት ስንቱ ተኝቶ ነበር?»

ሰንበልት የማሰሮውን ክዳን ገጠመች።

እርሾው ሙቀት፣ ዱቄትና ውሃ ይፈልጋል። በመመለሻው መንገድ የአምስት ቀን የአመድ ሜዳ አለ፤ ዱቄት በአቅማዳቸው አለ፤ በቅል የቀረው ውሃ ግን ለሦስት ሰው በጭንቅ የሚበቃ ነው። አሁን ጠጪው አራት ሆነ። አባ ጉልማ ዋንጫቸውን ገለበጡ።

«መስካሪ ነኝ» አሉ። «የእኔን ድርሻ እርሾው ይጠጣል። ይህ ቃል አይሻርም።»

«አባ፣ የእኔን ይካፈሉ» አለ ቀጸላ።

«አንተ ትሸከመኛለህ። የሚሸከም ይጠጣ።»

ሰንበልት ዱቄትና ውሃ ጨምራ ማሰሮውን እንደ ልጅ አዘለችው፤ የጀርባዋ ሙቀት እንዳይለየው። ቀጸላ ሽማግሌውን አዘለ። ሁለት ቀን ቀለደ፤ በሦስተኛው ቀን ምላሱ ደርቆ ዝም አለ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ «አባ ቀለሉኝ» አለ።

አወረዷቸው። ሰንበልት ድንጋዩን ከአንገታቸው ፈታች። ሰባቱን ቆጠረች፤ አንዱንም አልዘለለችም። ከዚያም እንደ እሳቸው በድንጋዩ አየች፤ አሁንም አየች፤ እስክትጠግብ አየች። ቃሉን ለመናገር እስከ ቀትር ፈጀባት። ቀጸላ መቃብሩን በእጁ ቆፈረ።

በማግስቱ እየሄዱ ሳለ ቀጸላ የተላጨ ጉንጩን ያክ ጀመር።

«ምን ሆንህ?» አለችው።

«እንጃ። ያሳክከኛል።» ጣቱ ባለበት ቀረ። «እቴ... ሻክሯል።»

ማሰሮውን አወረደች። ክዳኑን ስትከፍት አንድ አረፋ ቀስ ብሎ ተነሣና ፈነዳ።

ከተማው ሲቀበላት ንግሥቲቱ በደጅ ቆማ ነበር፤ ከበሮም ነበር። ሰንበልት ማሰሮውን አስረከበች፤ የመስካሪውንም ሞት ተናገረች፤ ለግብር ግን አልተቀመጠችም። እቤት ስትደርስ ዛላ እንቅልፍ ላይ ነበረች። ጭኗ ቀጭን፣ እጇ ትንሽ፤ ምንም የተለወጠ ነገር አይታይባትም። የሰንበልት እናት «አንቺ መጀመሪያ ውሃ ጠጪ» አሉ። አልጠጣችም፤ የመንገድ ጫማዋንም አላወለቀችም።

ስምንት ቀን ጠበቀች። በዘጠነኛው ክሩን አወጣች፤ ከዛላ አናት እስከ ተረከዟ ዘረጋችው። ልኩን አላመነችም። ደግማ ለካች። ክሩ ላልቶ ይሆናል ብላ በውሃ አርሳ ለሦስተኛ ጊዜ ለካች። ከዚያም ጥርት ያለውን ድንጋይ ከአንገቷ አውጥታ ተረከዙ ላይ አስቀመጠችው።

በቋጠሮውና በተረከዙ መካከል የጤፍ ፍሬ የምታህል ባዶ ክር አለች።

ሰንበልት እዚያች ላይ አዲስ ቋጠሮ ቋጠረች። ከዚያ በኋላ ነው ጫማዋን ያወለቀችው።