የእትዬ ሸዋአየሁ ሚዶ

«…ቆረቆር የነካው ራስ አንዴ ከተመለጠ ተመልሶ አይበቅልም።»

ልዩ ይህን የሰማችው በልጅነቷ፣ ጆሮ ደግፍ ይዟት ከመጋረጃ ጀርባ የተኛች ጊዜ ነው። ማን እንደተናገረው አታስታውስም፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። እናቷ የሆነ ነገር መለሰችላት፤ ልዩን ግን እንቅልፍ ቀደማት። ያቺ ግማሽ ወሬ ለዓመታት ተረስታ ኖረች። ዘንድሮ፣ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ክረምቱን ስታሳልፍ፣ ከጆሮዋ በላይ ማሳከክ ጀመራት። ጣቷ ባዶ ቆዳ የነካ ዕለት ወሬዋ ብድግ አለችባት።

ለማንም አልተናገረችም። ፎረፎር ነው ብላ ቅቤ ተቀባች፣ በላዩም ፌስታል አሰረችበት፤ ማሳከኩ ባሰ። ከዚያ የሱፍ ኮፍያ አጠለቀች። እናቷ ስትጠይቃት በርዶኛል አለች፤ ክረምት ስለሆነ ታመነች።

የሩፋኤል ለት ግን ኮፍያው ከዳት። የጳጉሜ ሦስት ዝናብ ፀበል ነውና የካዛንቺስ ልጅ ሁሉ ከየግቢው ወጥቶ ራሱን ይሰጠዋል። ልዩ ብቻ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ቆማለች። ጎረቤቷና የክፍል ጓደኛዋ ረውዳ ከበረንዳ ሆና ታያታለች።

«እኔ ሙስሊሟ ልወጣ ምንም አልቀረኝ፤ አንቺ በኮፍያ ትጠመቂያለሽ?» አለቻት።

ሱፉ ውሃ ጠጥቶ ከብዶ ኖሮ ልዩ ስትስቅ ተንሸራቶ ወደቀ። ረውዳ ክቧን ባዶ ቦታ አየች። ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ በረንዳው ገመድ ላይ ከተሰጣው ልብስ አንድ ሻርፕ መንጭቃ ሸፈነችላትና ወደ ውስጥ ጎተተቻት።

«በቃ ልመለጥ ነው» አለች ልዩ። «ተመልሶ አይበቅልም።»

«ማን አለሽ?»

ልዩ ማን እንዳላት አታውቅም።

«አቦ አታካብጂ። ለእናትሽ ካልነገርሽ እኔ እነግራታለሁ፤ ወላሂ።»

በማግስቱ እናትና ልጅ ወሎ ሰፈር ወደሚገኝ ክሊኒክ ሄዱ። ወጣቱ ሐኪም ቆዳውን ፋቅ አድርጎ መረመረና ቆረቆር የሚባለው ፈንገስ ነው አላቸው። ፎረፎር ብቻውን ራስ አይመልጥም፤ ይሄኛው ግን ፀጉሩን ከሥሩ ይይዝና ይሰብረዋል። ቶሎ ስለመጣች፣ ኪኒኑን ሳታቋርጥ ከዋጠች ይበቅልላታል። የሚያስቸግረው ቸል ተብሎ ጠባሳ የተወ ነው። እናቷ ተመስገን አለች። ልዩም ጥርሷን መክደን አቃታት፤ ሐኪሙ ሚዶ ከማን ጋር እንደምትጋራ እስኪጠይቃት ድረስ።

የግቢው ሹሩባ ሠሪ እትዬ ሸዋአየሁ ናቸው። ከእናታቸው የወረሱት የእንጨት ሚዶ ፀጉር ያስረዝማል ስለሚባል፣ በዓል ሲደርስ የሰፈሩ ሴት ልጅ ሁሉ በእሱ ካልተበጠርኩ ትላለች። ሐኪሙ ደግሞ የተጋሩት በሙሉ ይታዩ ብሏል። ከእናቷ እኩል ያሳደጓትን ሴትዮ ሚዶዎ በሽታ ያጋባል ብሎ ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል? እናቷ ማታ በዘዴ እነግራቸዋለሁ ብላት ከክሊኒኩ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ልዩ ግቢ ስትደርስ እትዬ ሸዋአየሁ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ለአበባየሆሽ የሚዘጋጁት ልጆች ከበዋቸዋል፤ ጉልበታቸው መሐል ትንሿ እህቷ ሄኒ ተወሽቃለች። ሚዶው ተነሥቷል።

«እትዬ፣ ቆይ አንዴ።»

«ምነው፣ ወረፋሽን ተቀማሽ?» አሉ። ልጆቹ ሳቁ።

ዝም ብትል ማታ እናቷ ትናገራለች። ሄኒ ግን እስከ ማታ ተሠርታ ታልቃለች። ልዩ ሻርፑን ፈታች።

«ይሄ የያዘኝ… ማለቴ፣ በሚዶ ይጋባል ተብሏል። የተጋራን ሁላችንም እንድንታይ።»

እትዬ ሸዋአየሁ ሚዶውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ማንም ፈትተውት አይቶ የማያውቀውን ሻሻቸውን ፈቱ። ከማጅራታቸው ከፍ ብሎ ሰፊ፣ የሚያብለጨልጭ ጠባሳ ነበር።

«እኔ በአንቺ ዕድሜ ሰው ይሥቅብኛል ብዬ ደበቅሁት» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከተመለጠ አይበቅልም አልኳት ለእናትሽ፣ ያኔ ጆሮ ደግፍ ይዞሽ ልጠይቅሽ የመጣሁ ለት።»

ልዩ ድምፁን አወቀችው። «እሷስ ምን አለችዎ?»

«አሁንም ቢሆን ይታዩ አለችኝ፤ ዳር ዳሩን ያሳክከኛል ስላት። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ዛሬም ያሳክክዎታል?»

«አዎ።»

«በምንድን ነው የሚበጠሩት?»

ሁሉም ሚዶውን አየ። «በእሱው» አሉና ቀድመው ሳቁ፤ ልጆቹም ተከተሏቸው።

«የእኔ ሹሩባስ?» አለች ሄኒ።

«ዘንድሮ ሁላችሁም በሻሽ ትጨፍራላችሁ። አዲስ ፋሽን ነው በሏቸው።»

ልዩ ግን አልለቀቀቻቸውም፤ ከእንቁጣጣሽ ማግስት ወደ ወጣቱ ሐኪም አብረው ካልሄዱ አለች። በስተርጅና ራሴን ለጎረምሳ ልገልጥ ነው ወይ ብለው ተቆጡ። ከልጆቹ ጋር የነበረችው ረውዳ ልዩን በዓይኗ ጠቅሳ፣ ሐኪሙ መልከ መልካም ነው ስለተባለ እሷም እንደምትሸኛቸው ተናገረች። እትዬ ሸዋአየሁ ሳቃቸውን እየዋጡ ሚዶውን በሻሻቸው ጠቀለሉት፣ ቋጠሩትም።

«እሺ፣ እሄዳለሁ» አሉ። «ሐኪሙ ፊት ሻሼን ስፈታ ግን አጠገቤ ትሆኛለሽ።»